ካሜራው ጋምቤላ ደርሷል፤ ፎቶው የት ይደር?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት በትከሻቸው ካሰሩት ጨርቅ ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው፣ በፌስታል ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ አወጡና ለፎቶ ቤቱ ልጅ ሰጡት። የሟች እናታቸውን ፎቶ አሳጥበው ለእሑድ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዱት ነው። ፎቶው የተነሳው በስልክ ነው፤ ስልኩ ወድቆ ተሰብሯል፤ የተረፈው ካርዱ ብቻ ነው።

ልጁ ካርዱን ማንበቢያው ውስጥ ሰክቶ ጠበቀ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መልእክት ወጣ። ነቀለው፤ በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ እንደገና ሰካው። ያው መልእክት ተመልሶ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉት።

«እናቴ፣ ልሰርዘው ወይ እያለኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ውስጡ ያለውን ሁሉ።»

«ተው ልጄ፣ እንዳትነካው!» ብለው ካርዱን ተቀበሉትና በዚያው ፌስታል ጠቅልለው መልሰው ቋጠሩት። ሌላ ፎቶ እንዳላቸው ልጁ ጠየቃቸው። የላቸውም።

እኚህ ሴት ቤታቸው ውስጥ ኮምፒውተር ኖሯቸው አያውቅም። ካሜራ ግን ነበራቸው፤ እናታቸውን ያነሱትም በገዛ እጃቸው ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ፎቶ አንሺውም፣ የካሜራ ነጋዴውም፣ የካሜራ ፋብሪካውም የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ዲጂታል ካሜራ ምን ይሠራለታል? ፊልም የለው፣ ኔጋቲቭ የለው፣ ያነሳውን አውጥቶ የሚያይበት ነገር የለው። ስለዚህ ዲጂታሉ ከባለ ኮምፒውተሩ ቤት አያልፍም፣ ገጠሩና ትንሹ ከተማ በፊልም ይቆያል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ጋምቤላን ያየ ሰው ለዚህ ክርክር መልስ ያገኛል። መልሱን ለማወቅ ግን ከፎቶ ቤቱ ልጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያየ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

አገኘሁት። ስሙን እንዳልጽፍ አደራ ያለኝ፣ ከጎሬ መጥቶ ጋምቤላ ውስጥ ያረጀ ፎቶ አንሺ ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጥምቀት፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ የባሮ ዳር ወጣት፣ ሁሉንም አንስቷል። ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያወራ ጣቶቹ የሌለ ሌንስ ያዞራሉ።

«እኔ ልንገርህ ወንድሜ» አለኝ። «ያኔ ያሺካ ነበረችኝ። ሠላሳ ስድስት ፍሬ ፊልም ካልሞላ አይታጠብም። ሙሽራው ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ከለር የሚያጥብ እዚህ አልነበረም፤ በአውቶቡስ ጅማ እንልካለን። ሹፌሩን ‹አደራ፣ ከሞተሩ አጠገብ እንዳታስቀምጠው› ብለን እንለምነዋለን። ይህ የምታየው ሙቀት ፊልም ይበላል። እኔ ፊልሜን የማስቀምጠው ከውኃው ማሰሮ ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ነበር። ሚስቴ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ ትቆጣኛለች።»

ዲጂታሉ ሲመጣስ?

«መጀመሪያ ፈራሁት። ከዚያ መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ኮምፒውተር የለኝም፤ ዛሬም አልከፍትም። ካርዱን ይዤ ፎቶ ቤት እገባለሁ፣ እነሱ ያወጡልኛል፣ ሒሳባቸውን ሰጥቼ ትርፌን ይዤ እሄዳለሁ። ኮምፒውተር ለምኔ? የእኔ ኮምፒውተር የሰው ኮምፒውተር ነው።»

ለዚያ ሁሉ ክርክር የጋምቤላ መልስ ይህ ነው። ኮምፒውተር በየቤቱ መግባት አላስፈለገውም፤ በከተማው አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ አንድ መኖሩ ለመቶ ካሜራ በቃ። ወፍጮ በየቤቱ ሳይተከል መንደር ሁሉ እንደሚያስፈጨው ማለት ነው። ፋብሪካዎቹም ነገሩ ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፒክትብሪጅ የሚባል የጋራ ስምምነት ካሜራውን በሽቦ ከማተሚያው ጋር በቀጥታ አገናኘ፤ ኮምፒውተሩ ከመሐል ወጣ። የካርድ መክተቻ ያላቸው ትንንሽ ማተሚያዎችም መጡ። ፎቶ አንሺው አንዷን አውጥቶ አሳየኝ፤ በአንድ እጅ የምትያዝ የካኖን ሴልፊ ናት። ካርዱን ሰክቶ ቁልፍ ሲጫን ወረቀቱ አራት ጊዜ ወጥቶ ይገባል። መጀመሪያ ቢጫው ብቻ ይታያል፤ ሰውየው በሽታ የያዘው ይመስላል። ቀጥሎ ሮዝማው ቀለም ይደረብና ፊቱ ነፍስ ይዘራል። ከዚያ ሰማያዊው ገብቶ ፀጉርና ጥላው ይጠቁራል። በመጨረሻ በዓይን የማይታይ ሽፋን ከላብና ከውኃ እንዲጠብቀው ይለበጥበታል። አጠገቤ ቆመው የነበሩ ልጆች ወረቀቱ በገባ በወጣ ቁጥር አብረው ጎንበስ ቀና ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። የዲጂታል ካሜራ ታሪክ ሲነገር እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከሠራው ሣጥን ይጀመራል። ጥቁርና ነጭ ምስል ይይዛል፤ አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ምስሉም የሚታየው በቴሌቪዥን ነው። ያ ካሜራ ሲወለድ የግል ኮምፒውተር በየቤቱ አልነበረም። ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር ያጋባው ከዚያ በኋላ የመጣው ገበያ ነው። ካሜራውን የፈለሰፈው ኮዳክ ራሱ በፊልም ገቢው ላይ ተደግፎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በአገራችን ደግሞ የፎቶግራፍ ታሪክ ከመቅደላ ጋር የተያያዘ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡት የእንግሊዝ ወታደር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ነበር። መንገዱን፣ አምባውን፣ የተማረኩ መድፎችን አነሱ። ሥዕሎቹም ከዘረፋው ጋር ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ቀጥሎ በምኒልክ ዘመን አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ወደ አንቷን ተላልፎ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። ዛሬ የነገሥታቱን ፊት የምናውቀው ቤተ መንግሥት ማስቀመጫ ስለነበረው ነው።

ጋምቤላ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ በር ነበራት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ለንግድ የሚሆን ቦታ ለሱዳን አስተዳደር በኪራይ ተሰጠ። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው፣ ነጭ ዓባይንና ሶባትን አቋርጠው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። ከጎሬና ከኢሉባቦር ደጋ በአጋሰስ የወረደው ቡና በዚሁ ይጫናል፤ ጨው፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይራገፋል። ውኃው ሲጎድል መርከቡም ይቀራል፤ ነጋዴው ክረምት ይጠብቃል። ከጣሊያን ወረራ በቀር ይህ ሥርዓት ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ቆየ። ባሮ ዳር ቆሜ ውኃውን ሳይ በዚህ በኩል ስንት ዓይነት ዕቃ፣ ስንት ዓይነት ሰው እንደገባ እያሰብሁ ብዙ ቆየሁ። ካሜራም በዚህ መጥቷል።

ከድንበሩ ማዶና ማዶ ያሉትን ኑዌርና አኝዋ በፎቶግራፍ ያስቀራቸው ኢ. ኢ. ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኑዌር መሐል ኖሯል፤ በ1935 ወደ አኝዋ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ሁለቱም የጻፋቸው መጻሕፍት ወጥተዋል። በጣሊያን ጊዜ ደግሞ የአኝዋ ተዋጊዎችን ይዞ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር ተዋግቷል። ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ቅዝቃዜና እርጥበቱ በሚጠበቅ ክፍል ተቀምጠው፣ ኢንተርኔት ላይም ይታያሉ። ለፎቶ አንሺው በስልኬ ከፍቼ አሳየሁት። አንድ በአንድ እያሳለፈ፣ አንዳንዱን በሁለት ጣቱ እያሰፋ አየ። ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ብዙ መሆናቸውን ስነግረው ስልኩን መለሰልኝ።

«የእነዚህ የልጅ ልጆች እኮ እኔ ዘንድ ይነሳሉ» አለኝ። «የአያትየው ፎቶ ሰማንያ ምናምን ዓመት ቆይቶ አለ። እኔ በዲጂታሉ መጀመሪያ ያነሳሁት የለም። ካርዱ ሲሞላ አጠፋው ነበር፤ ምን ላድርግ?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤቱ ኔጋቲቩን በቁጥር ያስቀምጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ማሳጠብ ይችላል። ካሜራው ውድ ነበር፤ የተነሳው ፎቶ ግን ወረቀት ሆኖ ቤት ይገባል፣ ኔጋቲቩም ሱቅ ይቀራል። ዲጂታሉ ይህን ገለበጠው። ማንሳቱ በነፃ ሆነ፤ ማስቀመጡ ባለቤት አጣ። ኮምፒውተር ያለው ሰው ችግሩ አይሰማውም፤ ሥዕሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይገባና ይቀመጣል። ኮምፒውተር የሌለው ግን ያለችው ያቺው ካርድ ናት።

ፎቶ አንሺዎችም ብዙ ሳይቆዩ አብዛኛውን ሥራቸውን ለስልክ ለቀቁ። አዲስ አበባ ላይ ጭምር የሚገጣጠመው ቴክኖ በየኪሱ ገባ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ ደንበኞቼ 78.3 ሚሊዮን ደርሰዋል አለ፤ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል። በዚህ መሐል ኮምፒውተር አልተስፋፋም፤ ካሜራው እሱን ሳይጠብቅ ዘሎት አለፈ። ወደ ኢንተርኔት ሰቅሎ ማስቀመጥ አለ የሚል ይኖራል። ጥቅል የሚገዛበት ገንዘብ ላለው፣ የከፈተውን አካውንት የይለፍ ቃል ለሚያስታውስ፣ ሲሙን ለማይቀይር ሰው አለ። እኔ ያነጋገርኋቸው ሰዎች ስልክ ሲገዙ የሻጩ ልጅ በራሱ አካውንት ይከፍትላቸዋል። ስልኩ ሲጠፋ አካውንቱም አብሮ ይጠፋል።

ሙዚቃ የሚጭኑትን ቤቶችም አየሁ። ወጣቱ ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የአማርኛ ዘፈንና መዝሙር ይጫንለታል። ካርዱ ሞልቶ ሲገኝ ባለሙያው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ምኑን ላጥፋልህ?» በፊቴ የተጠየቁት ሁሉ ፎቶውን አሉ። ዘፈኑ በጆሮ ይሰማል፣ ፎቶውን ደግሞ ነገ ያነሱታል ብለው ያስባሉ።

ሌላው ክፋት ካርዱ ራሱ ነው። ገበያው ውስጥ 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈባቸው፣ እውነተኛ አቅማቸው ግን የዚያ ስምንተኛ የማይሞላ አስመሳይ ካርዶች ሞልተዋል። ካርዱ ለስልኩ ትልቅ ነኝ ብሎ ይዋሻል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ አለ፣ ሲከፈት ግን ግራጫ ነው ወይም ግማሹ የለም። ደህናውም ካርድ ቢሆን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ የያዘውን መልቀቅ ይጀምራል፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። በበጋ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ ጨርቅ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ የሚከርም ካርድ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ የሚመለከተው ኃላፊ ቢሮ ሄድሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ የክልሉ ነዋሪ የቤተሰቡን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ወይም የሚያስገለብጥበት ቦታ አለ ወይ? ከሌለስ ታስቧል ወይ? ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። በሌላ ቀን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው፤ ደብዳቤ ይዘህ ና አሉኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል ተባልሁ። የተመራበት ክፍል ደግሞ ጥያቄዬን አንብቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ ስልክ ቁጥሬን ተቀብሎ ዝም አለ።

ጥያቄው ትንሽ መስሏቸው ይሆናል። ለጋምቤላ ግን ትንሽ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን አፍነው ወስደዋል። ልጁ የጠፋበት ወላጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው መልኩን ነው። ፎቶ አንሺው በዚያ ሰሞን ፎቶ ቤቶች ተጨናንቀው እንደነበር ያስታውሳል። «አምና ያነሳኸው ልጄ አለ ወይ እያሉ መጡ» አለኝ። «አንዷ እናት እግሬን ያዘችኝ። ጋሼ ፈልግልኝ፣ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር አለችኝ። አስታውሰዋለሁ፤ ቀይ ሹራብ ለብሶ ከእህቱ ጋር ነው ያነሳሁት። ሦስት ካርድ አገላበጥሁ። አጥፍቼዋለሁ። አየህ፣ ፊልም ቢሆን ኔጋቲቩ ሣጥኔ ውስጥ ነበር።» ይህን ሲነግረኝ እያየኝ አልነበረም።

በኢታንግ በኩል ባሉት በኩሌ፣ በቴርኪዲና በንጉኝዬል፣ እንዲሁም በጀዊና በፑኝዶ መጠለያዎች ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013ቱ ጦርነት ወዲህ የመጡ ናቸው፤ ከተለያዩት ዘመዶቻቸው ጋር የሚያገናኛቸውም በአብዛኛው ስልክና በስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሰውን ፊት፣ አሻራና ዓይን ይመዘግባል፤ ነገር ግን ያ ፎቶ የመንግሥት መዝገብ ነው፣ ለቤተሰብ አልበም አይሆንም። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግም እየቀነሰ ሄዷል፤ ፎቶ ቤቱን በሕይወት ያቆየው ደግሞ ያ ጉርድ ፎቶ ነበር። የማተሚያው ወረቀትና ቀለም ከውጭ ስለሚመጣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው እየናረ ነው። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ኮምፒውተሩን አጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። ቀበሌው ኮምፒውተር አለው። ትምህርት ቤቱም አለው። አንድ ጥሩ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ተጠባባቂ፣ ካርዱን ተቀብሎ የሚገለብጥና በባለቤቱ ስም የሚመዘግብ አንድ ወጣት፣ በሳምንት አንድ ቀን። ስልክ ተሰብሮበት የመጣ ሰው ከዚያ ያገኘዋል። ሚስጥር ይጠበቅ ዘንድ ደንብ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በክልሉ ካለው ግጭት አንፃር የማን ፎቶ ማን እጅ ይገባል የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ግን ሥራውን በጥንቃቄ ለመጀመር ምክንያት ነው፤ ላለመጀመር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ፎቶ አንሺው መንግሥትን አልጠበቀም። ከዚያ ከሚያዝያው ወዲህ ማጥፋት ትቶ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቷል፤ አንዱ ፎቶ ቤቱ ዘንድ፣ ሌላው ቤት ቢቃጠል እንዳይጠፋ ብሎ መቱ እህቱ ዘንድ ተቀምጧል። ኮምፒውተር ስለማይነካ የሚገለብጥለት የፎቶ ቤቱ ልጅ ነው። ፎቶ አንሺው ራሱ ደግሞ በአሮጌ የሒሳብ ደብተር ላይ የተነሳውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩንና ቀኑን በእጁ ይጽፋል። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ወይም ሙዚየም ቢጠይቀው ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሰጣለሁ» አለኝ። «ደብተሩን አብረው ካልወሰዱ ግን አልሰጥም።»